«ማደንዘዣው ነው የገደለው» ከማለታችን በፊት

 

ዛሬ በኢንቦክስ ደጋግማችሁ በምትጠይቁኝ ጉዳይ ላይ ሐሳቤን ላካፍላችሁ። ጥያቄው በየመልኩ ይመጣል። «ዶክተር፣ እናቴ ኩላሊቷ ደክሟል ተብላለች፤ ሰመመኑን ትችለዋለች?» «አባቴ ለፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ሊገባ ነው፤ ልቡንም ያመዋል፤ ባይገባስ?» «ጎረቤታችን ማደንዘዣ በዝቶበት ነው የቀረው ሲሉ ሰማሁና ፈራሁ።»

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ማደንዘዣው ነው የገደለው» ሲባል ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት የሚጠይቅ የለም፤ ነገሩ እዚያው ይዘጋል።

በእኔ አስተያየት ይህ አባባል እየጎዳን ነው። ጥፋቱ ሁሉ የመርፌው ነው ብለን ካመንን እጃችንን አጣጥፈን ከመፍራት ሌላ የምናደርገው አይኖርም። እውነቱ ግን አንድ ሰው ሰመመን ውስጥ ሲገባ አደጋውን ከሚወስኑት ነገሮች ሁለቱ ከበሽተኛውና ከቤተሰቡ እጅ ብዙም የራቁ አይደሉም። አንደኛው ሰውየው ይዞት የገባው የኩላሊት፣ የጉበት፣ የልብ ወይም የእንቅርት ሕመም ነው። ሁለተኛው ብርድ ነው። አዎ፣ ተራው ብርድ!

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከኦፕራሲዮን በፊት ማደንዘዣ ባለሙያው የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ለፎርማሊቲ አይደለም። ብርድ ልብስም ለምቾት ብቻ አይደለም። ሁለቱም ሕክምና ናቸው፤ እንደ ሕክምናም ልንጠይቃቸው ይገባል።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ

ሰውነታችን የውስጥ ሙቀቱን 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይዞ ይኖራል። ትንሽ ዝቅ ሲል ቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሙቀት እንዳይሸሽ በሩን እንደመዝጋት ነው። ያ ካልበቃ እንንቀጠቀጣለን። እኛም በበኩላችን ጋቢ እንደርባለን፣ ትኩስ ነገር እንጠጣለን።

ሰመመን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስቆመዋል። የደም ሥሮቹ ይከፈቱና ደረትና ሆድ ውስጥ የነበረው ሙቀት ወደ እጅና እግር ይሄዳል። አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት ተቆጣጣሪም ይፈዛል። በደህናው ጊዜ ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ለውጥ «በረደኝ» የሚለው ተቆጣጣሪ፣ ሰመመን ውስጥ 2 ዲግሪና ከዚያም በላይ እስኪወርድ ዝም ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ምንም ካልተደረገ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ብቻ የውስጥ ሙቀት ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ የሚወርደው።

በዚያ ላይ ሰውየው ራቁቱን ነው፣ ቆዳው በቀዝቃዛ ፈሳሽ ታጥቧል፣ ሆዱ ተከፍቷል። የሚንጠለጠለው ግሉኮስም ቢሆን የክፍሉን ያህል የቀዘቀዘ ነው። አንድ ሊትር ያልሞቀ ፈሳሽ ብቻውን የአንድን አዋቂ ሰው ሙቀት ወደ ሩብ ዲግሪ ያህል ያወርዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሐምሌ ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል ምን እንደሚመስል ገብቶ ያየ ያውቀዋል።

«እኔ በወገቤ ነው የምወጋው፣ አልተኛም» የምትሉም አላችሁ። የወገብ ማደንዘዣም የእግርን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሙቀት ያሸሻል። ተንኮሉ ደግሞ እግር ላይ ሙቀት ስለሚሰማ ሰውየው ውስጡ እየቀዘቀዘ «ደህና ነኝ» ማለቱ ነው። ቴርሞሜትር ካልተደረገለት እሱም ባለሙያውም አያውቁም።

የውስጥ ሙቀት ከ36 በታች ሲሆን ነገሩ «ትንሽ በረደው» ከመባል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኦስትሪያ የአንጀት ኦፕራሲዮን በተደረገላቸው 200 ሰዎች ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። ሙቀታቸው እንዲወርድ ከተተዉት 96 ሰዎች 18ቱ ቁስላቸው አመርቅዟል። እንዲሞቁ ከተደረጉት 104 ሰዎች ግን 6 ብቻ! የቀዘቀዙት ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜም በአማካይ 2.6 ቀን ይበልጥ ነበር።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ይህንንም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነና በአብዛኛው በቻይና በተሠራ ትልቅ ጥናት፣ ከ5000 በላይ ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ 37፣ ግማሾቹ 35.5 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆዩ ተደርጓል። በልብ ጉዳትም ሆነ በቁስል ማመርቀዝ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ እኔ «ሰውን እናፍላው» እያልኩ አይደለም። የምለው ሙቀቱ ይለካ፣ ወደ 35ና ወደ 34 እንዳይወርድ ይጠበቅ ነው።

አሁን ወደ አካል ክፍሎቹ እንሂድ። ብርዱ የታመመ አካል ሲያገኝ ነው ነገሩ የሚከፋው።

ኩላሊት

ብዙ መድኃኒቶች ወይም የእነሱ ዝቃጭ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ለምሳሌ ሞርፊን ጉበት ውስጥ ተለውጦ አንዱ ውጤቱ እንደ ራሱ እንደ ሞርፊን የሚያደነዝዝ ነገር ይሆናል፤ እሱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ከደከመ ይጠራቀማል። ኦፕራሲዮኑ «በሰላም አለቀ» ከተባለ ከሰዓታት በኋላ አልጋው ላይ ትንፋሹ የሚቀንስ ሰው የሚያጋጥመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ፖታሲየም ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ይቆያል። ቱቦ ለማስገባት የሚሰጠው ሱክሲኒልኮሊን ደግሞ ትንሽ ጨምሮ ከፍ ያደርገዋል። የሌላው ሰው ልብ የሚችለውን ያቺን ጭማሪ የእሱ ልብ ላይችላት ይችላል። እጥበት ላይ ያለ ሰው መቼ እንደታጠበ በትክክል መናገር ያለበትም ለዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኦፕራሲዮኑ ከእጥበቱ ማግስት እንዲሆን ይመረጣል።

ብርዱ የሚገባው እዚህ ጋር ነው። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ለደከመ ሰው ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት አትራኩሪየም ይባላል። ጥቅሙ ኩላሊትንም ጉበትንም ሳይጠብቅ ሰውነት ውስጥ ራሱን በራሱ መፍረሱ ነው። ግን ይህ መፍረስ የሚወሰነው በሙቀት ነው! ሰውነት ሲቀዘቅዝ መፍረሱም ይዘገያል። ለደካማ ኩላሊት ተብሎ በጥንቃቄ የተመረጠው መድኃኒት፣ ሰውየው እንዲቀዘቅዝ ስለተተወ ብቻ ጥቅሙ ይቀንሳል። ነቅቶ ዓይኑን ይገልጣል፣ ጡንቻው ግን ገና ነው፤ በደንብ ለመተንፈስና ለመሳል አቅም ያጥረዋል። ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ «ማደንዘዣ በዛበት» ይላል። መጠኑ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ሙቀት ነው።

ጉበት

ጉበት የሰመመን መድኃኒቶችን ይሰብራል፣ መድኃኒት ተሸካሚ የሆነውን አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፣ ደም የሚያረጋውንም ንጥረ ነገር ያመርታል። በሄፓታይተስ ወይም በመጠጥ ብዛት ጉበቱ የተጎዳ ሰው ሦስቱም ይጎድሉበታል። በተለመደው መጠን ይበልጥ ይደነዝዛል፣ ለመንቃት ይዘገያል፣ ደሙም ቶሎ አይቆምም። የደም መርጋት ችግር ካለበት የወገብ መርፌ ራሱ አደገኛ ነው፤ አከርካሪ ውስጥ የሚጠራቀም ደም ነርቭ ተጭኖ እግርን እስከ ማሽመድመድ ሊደርስ ይችላል።

ብርድ በበኩሉ የደም መርጋትን ያዳክማል። ደሙ በጉበቱ ምክንያት አልረጋ ያለ ሰው ላይ ብርድ ሲጨመር ሁለት ጊዜ መጎዳት ነው። ለቤተሰብ «ደም ፈልጉ» ተብሎ የሚሮጥበት ሰዓት አንዳንዴ ከዚህ ይጀምራል።

ልብ

በአገራችን ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም እናቶች፣ ከቶንሲል የተነሳ የልብ ሕመም አለባቸው። የልባቸው በር ጠቧል። እንዲህ ያለች እናት ለመውለድ ኦፕራሲዮን ስትገባ ሁለት ነገር ይከብዳታል፤ የደም ግፊት በድንገት መውረድና የልብ ምት መፍጠን። የወገብ መርፌ የመጀመሪያውን ያመጣል። ሁለተኛውን ደግሞ መንቀጥቀጥ ያግዘዋል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው «ወባ ነው» ወይም «መድኃኒቱ ሲወጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መንቀጥቀጥ ግን ሥራ ነው። የሰውነትን የኦክስጅን ፍላጎት በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊያሳድገው ይችላል። ጤነኛ ልብ ይሸከመዋል። የልቡ ደም ሥር ለጠበበ አዛውንት ግን አልጋ ላይ ተኝቶ ዳገት እንደመሮጥ ነው።

እንቅርት

የእንቅርት ሆርሞን የሰውነት ማሞቂያ ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። ሆርሞኑ ያነሰበት ሰው ከወትሮውም ቀዝቃዛ ነው፤ ሰመመን ውስጥ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ መንቃትም ይከብደዋል። ሆርሞኑ የበዛበት ሰው ደግሞ በመድኃኒት ሳይስተካከል ከገባ ትኩሳቱና የልብ ምቱ በድንገት የሚያሻቅብበት አደጋ አለ። «እንቅርቴ ያን ያህል አያስቸግረኝም» ብላችሁ አትተዉት፤ ተናገሩ።

ሙቀት ሲያሻቅብ፦ የሜልቦርኑ ወጣት

ብርቅ ቢሆንም ሙቀት በተቃራኒው የሚያሻቅብበት ሁኔታም አለ። በዘር የሚተላለፍ ነው። ችግሩ ያለበት ሰው እንደ ሃሎቴን ያለ የሚተነፈስ ሰመመን ወይም ሱክሲኒልኮሊን ሲሰጠው ጡንቻው ከቁጥጥር ውጭ ይሠራል፤ ሙቀቱም ፖታሲየሙም ይወጣል። መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ይባላል፤ በየሆስፒታሉ እንደልብ የሚገኝ ግን አይደለም። ሃሎቴን በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየ መድኃኒት ስለሆነ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ይህ ችግር በሕክምና ጽሑፍ እንዴት እንደታወቀ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1960 ሁለት ሐኪሞች ከአውስትራሊያ ሜልቦርን ስለ አንድ የ21 ዓመት ተማሪ ጻፉ። እግሩ ተሰብሮ ነው የመጣው። እሱን ያስጨነቀው ግን ስብራቱ ሳይሆን ሰመመኑ ነበር፤ ከዘመዶቹ 10 ሰዎች ሰመመን ተሰጥቷቸው ሞተዋልና። ይህንን ተናገረ። ሐኪሞቹም ሰሙት። ዘመዶቹ የሞቱት በኤተር ስለነበር በሃሎቴን ጀመሩለት፤ ዓይናቸውን ግን ከእሱ አልነቀሉም። መለወጡንና መሞቁን እንዳዩ ወዲያው አቆሙ፣ በበረዶ አቀዘቀዙት፣ ዳነ።

ያን ልጅ አስቀድሞ ያዳነው ማሽን አይደለም፤ መናገሩና የሚሰማው ሐኪም ማግኘቱ ነው። ዛሬም «ከቤተሰብ ሰመመን ያስቸገረው ወይም በዚያ ሳለ የሞተ ሰው አለ?» ስትባሉ በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን እንደብቃለን?

ሰው ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ምክንያቶቹን አውቃቸዋለሁ፣ ይገቡኛልም።

አንደኛ፣ ቀጠሮ እንዳይሰረዝ መፍራት አለ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ፣ ዘመድ ቤት ተጠግቶ፣ ለወራት ወረፋ ጠብቆ አልጋ ያገኘ ሰው «ኩላሊቴን ያመኛል» ካለ ይመልሱኛል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ይመለሳል። ግን ለሁለት ሳምንት መመለስና ጨርሶ አለመመለስ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ከራሱ ከበሽተኛው ይደብቃል። «እንዳይደነግጥ» ተብሎ የምርመራው ውጤት ልጆቹ ጋር ይቀራል። አባት ሲጠየቅ «ደህና ነኝ፣ ጨጓራ ብቻ ነው» ይላል፤ የሚያውቀው እሱን ነዋ! ለአባታችሁ አለመንገር የእናንተ ውሳኔ ነው ልበል፤ ለማደንዘዣ ባለሙያው አለመንገር ግን ፍቅር አይደለም። ገለል ብላችሁ ንገሩት።

ሦስተኛ፣ እፍረት። ጫት፣ አረቄ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ከባህል ሐኪም የተወሰደ ቅጠል፣ ፀበል ላይ ሆኖ የተቋረጠ የግፊት ኪኒን… ባለሙያው እነዚህን የሚጠይቀው ሊፈርድባችሁ አይደለም። ጫት የልብ ምትና ግፊት ያዛባል፤ አልኮል የሰመመን መጠን ይለውጣል፤ በድንገት የተቋረጠ የልብ መድኃኒት በኦፕራሲዮን ሰዓት ይበቀላል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ለእኛ ዘመንም ሳይሆን አይቀርም።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ቃል

በሽተኛው ይደብቃል ብለን ብቻ ማማረር አንችልም። ሰው ኮሪደር ላይ፣ ባለተራው ሁሉ እየሰማ፣ በሦስት ደቂቃ ሲጠየቅ ምስጢሩን እንዲዘረግፍ መጠበቅ የዋህነት ነው። ጥያቄው ከቀኑ በፊት፣ መጋረጃ ባለበት ቦታ ይሁን።

«ማሞቂያ ማሽን የለንም» የሚለው መልስም ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእንግሊዝ አገር መመሪያ ከሚላቸው ብዙዎቹ ማሽን አይፈልጉም፦ በሽተኛው ሳይቀዘቅዝ ይግባ፣ ሙቀቱ ይለካ፣ የማይነካው የሰውነቱ ክፍል ተሸፍኖ ይቆይ፣ ተሸፍኖ እስኪጨርስ ክፍሉ ቢያንስ 21 ዲግሪ ይሁን። ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፈሳሽ ሞቆ ይሰጥ የሚለው እንኳ መሣሪያ ቢጠይቅ፣ ቀሪው የሚጠይቀው ቴርሞሜትር፣ ጨርቅና ትኩረት ነው። የደም ግፊትና ኦክስጅን በየደቂቃው እያየን ሙቀትን መርሳታችን ልማድ እንጂ ድህነት ብቻ አይደለም።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

1. የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከነሳጥኑ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የስም ዝርዝር ከማስታወስ ይሻላል። የባህል መድኃኒቱንም ጨምሩ።

2. መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፣ በራሳችሁም አትቀጥሉ። «የትኛውን በዚያ ቀን ጠዋት ልዋጥ? የትኛውን ልተው?» ብላችሁ ጠይቁ። የግፊት፣ የስኳርና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መልሳቸው የተለያየ ነው።

3. ከዚህ በፊት ሰመመን ወስዳችሁ ከሆነ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፦ መንቃት መዘግየት፣ ከባድ ትኩሳት፣ ከሳምንት በኋላ የዓይን ቢጫ መሆን። የመጨረሻው በተለይ ሃሎቴን ከወሰዳችሁ ለጉበታችሁ ትልቅ ምልክት ነው።

4. ጋቢ፣ ካልሲና ኮፍያ ያዙ። እስከ መግቢያው በር ድረስ ተሸፍናችሁ ቆዩ፤ ወደ ውስጥ የሚገባውንና የማይገባውን እነሱ ይነግሯችኋል። «ሙቀቴ ይለካል ወይ? የምሸፈንበት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብት ነው።

5. አራስ ሕፃናትና አዛውንት ቶሎ ይቀዘቅዛሉ። ለእነሱ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

6. ከኦፕራሲዮን በኋላ ሲንቀጠቀጡ ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ነርሷን ጥሩ፣ ሙቀት ይለካ፣ ሽፋን ይጨመር።

7. ይቺን በደንብ ያዙልኝ! የወገብ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው እግር ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም በጓንት የሞላ ሙቅ ውሃ በፍጹም አታስቀምጡ። እግሩ ስለማይሰማው ሲቃጠል አያውቅም። በደግነት የተደረገ ማሞቂያ ቆዳ ልጦ የወጣበት ጊዜ አለ። ደረቅ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ሰመመን ዛሬ ከበፊቱ በጣም ደኅንነቱ የተጠበቀ ሕክምና ነው። ኩላሊታቸው፣ ጉበታቸውና ልባቸው የታመመ ሰዎችም በየቀኑ ኦፕራሲዮን ተደርገው በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ከላይ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይህ ነው፦ እናታችሁ ትችለዋለች ወይ የሚለውን እዚህ ሆኜ መወሰን አልችልም። የሚወስነው የሚያያት ባለሙያ ነው። እሱ በትክክል እንዲወስን ግን ሙሉውን እውነት ከእናንተ ማግኘት አለበት።

በዚህ ወር የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት። ከዚያ ደውሉና «የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ነግረሃቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጋቢውንም አትርሱ።

መልካም ጤንነት!